ሁዳዴን የጾመች መኪና

እኔ መኪና የምፈራው ስሳፈር ብቻ አይደለም። ቆማም እፈራታለሁ። ግቢያችን ውስጥ አጥሩን ተጠግታ ስታድር፣ ጠዋት ከቤት ስወጣ ከፊቷ አላልፍም፤ ዞሬ በጓሮ በኩል ነው የምሄደው። ልጄ ይስቅብኛል። «እማ፣ ሞተሯ ጠፍቷል እኮ» ይለኛል። ቢጠፋስ? ስትሄድ ቢያንስ ወዴት እንደምትሄድ ይታያል። ስትቆም ምን እንዳሰበች ማን ያውቃል።

ትምህርት ሦስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሴት ስለሆንኩ ይህን የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው። መቱ ተወልጄ፣ መቱ ተድሬ፣ እዚያው አንድ ልጅ ወልጃለሁ። አንድ ብቻ። ሁለት ቢሆኑ ፍርሃቴ ለሁለት ይከፈል ነበር፤ አሁን ግን ሙሉው እሱ ላይ አርፏል።

ባለቤቴ ሲያርፍ የቡና ማሳ ትቶልን ነበር። ማሳው በልጄ እጅ ሁለት ዓመት ቆየና በሦስተኛው ዓመት ፒካፕ ሆኖ ግቢያችን ገባ። ስትመጣ እንደማንኛውም ሰው መኪና ነበረች። ልጄ ግን እንዳለች ሊተዋት አልቻለም። መጀመሪያ ከኋላዋ ላይ የብረት ቤት አስበየደና ሸራ አለበሳት። ቀጥሎ ግራና ቀኝ ረጃጅም አግዳሚ ወንበር አስገባ። ይሄም አልበቃው ብሎ ጣራዋ ላይ የዕቃ መጫኛ አሠራ። ይሄ ሁሉ ሆኖ ሰው ሲሞላባት ኋላዋ ዝቅ ብሎ መሬት ሊነካ ደረሰ።

«ባሌስትራ ይጨመርላት» አሉት።

ባሌስትራ ማለት ከመኪናዋ ሥር ተደራርበው የተኙት ጠፍጣፋ ብረቶች ናቸው፤ ሸክሙን ተሸክመው እንደ ቀስት የሚለመጡት እነሱ ናቸው። ልጄ ከአንድ የወደቀ የጭነት መኪና ላይ ብረት አስፈትቶ ግራም ቀኝም ሁለት ሁለት አስጨመረ። በማግስቱ ሳያት ኋላዋ ሽቅብ ወጥቶ፣ አፍንጫዋ ወደ መሬት ተደፍቶ፣ ጥሬ የምትለቅም ዶሮ መስላለች።

«እንዴት ነች?» አለኝ።

«ልትደፋ ነው» አልኩት።

«ስትጫን ትስተካከላለች።»

ስትጫንስ ተስተካከለች፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። አንድ ቀን ወደ ኖፓ፣ አንድ ቀን ወደ ኡካ፣ ገበያ በዋለበት ሁሉ ሰውና ጆንያ እየጫነች መመላለስ ጀመረች። ፏፏቴ ለማየት የሚመጡ እንግዶችንም ወደ ሶር ታደርስ ነበር። እኔም ልጄ በወጣ ቁጥር ቤት ቁጭ ብዬ መንገዱን በልቤ አብሬው እሄዳለሁ። አሁን ዳገቱን ጨረሰ፣ አሁን ድልድዩ ጋ ደረሰ እያልኩ፣ ሲመለስ ከእሱ ይልቅ እኔ ደክሜ ያገኘኝ ነበር።

ሁለት ወር ሳይሞላ ድምፅ አወጣች። መጀመሪያ «ሲጥ ሲጥ» ብቻ ነበር። ቀጥሎ ጉድጓድ ስትገባ ከኋላ «ቋ!» ማለት ጀመረች። ከዚያ ቁልቁለት ላይ ኋላዋ ብቻውን ግራ ቀኝ ይል ጀመር። አንዲት ማር ይዛ የተሳፈረች ሴትዮ ልጄን፣ «አባ ኮ፣ የኔ አባት፣ የመኪናህ ፊቷና ኋላዋ ተኳርፈዋል እንዴ? አንዱ ወደ ኖፓ ይሄዳል፣ አንዱ ወደ ጫካ» አለችው። እሱ እየሳቀ ነው የነገረኝ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። የኋላ እግሮቿ ለብቻቸው ሲሄዱ፣ ልጄ በቀረው ግማሽ ገደል ሲገባ በዓይኔ አየሁት።

መቱ ያለው መካኒክ ከሥሯ ገብቶ በብረት ዘንግ ሲፈነቅላት ቆየና ወጣ።

«ጎሚኒው አልቋል» አለ።

ጎሚኒ የሚሉት የጎማ ቀለበት ነው። ከባሌስትራው ጫፍ እንደ ጆሮ የተበሳ ቦታ አለ፤ እዚያ ውስጥ ይገባል፤ በመሃሉ ደግሞ ቡሎን ያልፍበታል። እንስራ እንዳይጋጭ ከሥሩ ክብ ማቶት እንደምናደርግለት፣ ይሄም ብረት ከብረት እንዳይጋጭ የሚደረግ ነው። ሲያልቅ ብረቱ ብረቱን ይመታል፣ የኋላ እግሮቿም ቦታቸውን ይለቃሉ። መካኒኩ በክሪክ አንጠልጥሎ አሮጌውን አወጣ፣ አዲሱን ከተተ፣ እንደተንጠለጠለች ቡሎኑን ጥርቅም አድርጎ አሰረና «ሦስት ዓመት አትመለስም» አለን።

በሁለት ሳምንቷ ሲጥ አለች።

ከዚህ በኋላ ስለ እኛ መኪና አስተያየት የሌለው የመቱ ሰው ጠፋ። ባጃጅ ነጂዎቹ መንገዱን ከሰሱ። ዳቦ የምትሸጠው ጎረቤቴ «ዓይን ነው፣ ያን ያህል አስጊጣችሁ ስታቆሟት» አለች። መካኒኩ ራሱ «ዕቃው ፎርጅድ ሳይሆን አይቀርም» አለ፤ ልጄ ደግሞ «ማን ሸጠልኝ?» አለው። እኔ ማንንም ሳልጠይቅ የራሴን መድኃኒት ጀመርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ በቅሎ ነበረችው። የኮርቻዋ ጠፍር ሲደርቅ ልክ እንደ መኪናችን ሲጥ ሲጥ ይላል። ያኔ አባቴ ቅቤ አስመጥቶ አሽቶ አሽቶ ያለሰልሰዋል፣ ድምፁም ይጠፋል። ልጄን ያዘልኩበትን አንቀልባም በቅቤ ባላሸው ኖሮ ትከሻዬን ይልጠው ነበር። ጎማም ያው ቆዳ ነው፣ ጥቁር ሆነ እንጂ ብዬ አሰብኩ። ሲጥ የሚለው ደርቆ ነው። ደርቆ ሲሰነጠቅ ነው ልጄን ገደል የሚከትብኝ።

ስለዚህ ሲጥ ባለች ቁጥር ጠዋት ልጄ ፊቱን ታጥቦ ቁርሱን እስኪጨርስ ድረስ፣ ንጥር ቅቤ በብርጭቆ፣ የዶሮ ላባ በእጄ ይዤ ወደ መኪናዋ እሄድ ጀመር። በስመ አብ ብዬ አማትቤ፣ ቀኝ የኋላ እግሯ ጎን ተንበርክኬ፣ ልጄ አንድ ጊዜ ያሳየኝን ያንን ጆሮ ፈልጌ ላባውን እየነከርኩ ውስጥ ድረስ አጠጣዋለሁ። ግራውን አልደርስበትም፤ በግራ በኩል የግራዋው አጥር ልጥፍ ብሎባታል። ቀኙ ለግራው ያካፍለው ብዬ ተውኩት።

ብታምኑም ባታምኑም፣ በመጀመሪያው ቀን ሲጥታው ጠፋ! ልጄ ሲመለስ «ዛሬ ምን እንዳገኛት አላውቅም፣ ዝም ብላ ዋለች» አለ። እኔም ዝም አልኩ። ከሐኪም የበለጥኩ መስሎኝ ልቤ ውስጥ ግን ዘፈን ነበር። በሦስተኛው ቀን ስትመለስበት እንደገና ቀባኋት። እንዲህ እያልን ኖርን። ከዚያ ወዲህ የጎረቤት ውሻ ቀኝ የኋላ ጎማዋ ሥር መተኛት ጀመረ። ልጄ በጣም ደስ አለው። «አየሽ እማ? ባዕድ ውሻ እንኳ መኪናዬን ይጠብቅልኛል።» እየላሰ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ግን ምን ብዬ ልናገር?

በአንድ ወር ከሁለት ሳምንቷ ያም ጎሚኒ አለቀ። ልጄ ከመካኒኩ ጋር ከተጯጯኸ በኋላ «ኦሪጅናል ነው» የተባለ ከጅማ አስመጣ። ያንኑ መካኒክ እንደዚያው በክሪክ አንጠልጥሎ እንዲያስርለት አደረገ። የወጣውን አሮጌ ግን አልጣለውም፤ «ማስረጃ ነው» ብሎ በፌስታል ቋጥሮ ከወንበሩ ሥር ከተተው።

ኦሪጅናሉ የገባው በቅበላ ሳምንት ነበር። ሁዳዴ ሲገባ እኔ ጭንቅ ያዘኝ። በጾም ቅቤ ከመደርደሪያ አይወርድም፤ እናቴ ዕቃውን እንኳ ለይታ ነበር የምታስቀምጠው። ያለ ቅባት ደግሞ እንዴት ልተዋት? ለጾም ወጥ በምን እንደምንሠራ አሰብኩና በኑግ ዘይት ቀየርኩላት። ውሻው ቅር ብሎት ለጥቂት ቀን ቀረ፤ ቆይቶ ግን ለመደው።

ሁዳዴ ሳያልቅ «ቋ!» መጣ። ኋላዋም እንደገና መወዛወዝ ጀመረ።

ያን ቀን ልጄ ምሳውን ገፍቶ ተነሳ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«እማ፣ በቃኝ» አለ። «ሰው መሳፈር ፈርቷል። ይሄ መጨረሻው ነው። አሁን ካልዳነች ሸጫት እሄዳለሁ።»

«ወዴት?»

«ጓደኞቼ ወደሄዱበት። አረብ አገር።»

ጓደኞቹ የሄዱበትን መንገድ አውቃለሁ። በረሃ አለው፣ ባሕር አለው፣ ስልክ የማያነሱ ልጆች አሉት። ያቺን መኪና ስንት ቀን ጠልቻታለሁ፣ ስንት ቀን በጠፋችልኝ ብያለሁ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግን እንድትድን መጸለይ ጀመርኩ። ስሟን በጸሎት አንስቻለሁ ብል ይስቁብኛል፤ ስም እንኳ የላትም፣ በታርጋ ቁጥሯ ነው ያነሳኋት።

ጎሬ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ ተባለ። ልጄ «ላሳያት» ሲል «እኔም እሄዳለሁ» አልኩ።

«አንቺ? በመኪና?»

«የሚሉትን በጆሮዬ መስማት አለብኝ።»

ከመቱ ጎሬ ሩቅ አይደለም፤ ለእኔ ግን ኢየሩሳሌም ደርሼ የተመለስኩ ያህል ነው። ኋላዋ ወገቧ እንደተቆረጠ ይንገዋለላል፤ እኔ በሩን በአንድ እጄ፣ ወንበሩን በሌላው ይዣለሁ።

«እማ፣ ዓይንሽን ግለጪ እንጂ።»

«አንተ ገልጠሃል፤ የአንዳችን ይበቃል።»

የሽማግሌው ጋራዥ ከአንድ ትልቅ ዋንዛ ሥር ነው። መነጽራቸው በአንድ በኩል በሽቦ የታሰረ ነው። ልጄ «ጋሼ፣ ጎሚኒ አልበረክትላት አለ፣ ይኸው ሦስተኛዬ ነው» ሲላቸው፣ ወደፊት ንዳ፣ ወደኋላ ንዳ፣ በዚያ ድንጋይ ላይ አውጣት እያሉ ጆሯቸውን ደግነው ሰሙ። ከዚያ ወደ እኔ መስኮት መጡ።

«እትዬ፣ ማሎ፣ እባክዎ፣ እርስዎ ይውረዱልኝ። ጸሎትዎ ድምፁን ሸፈነብኝ።»

ወረድኩ። እሳቸውም መኪናዋን ከፍ አድርገው ጎሚኒዎቹን አወጡ። ልጄ ያን ፌስታል አምጥቶ የፊተኞቹን ዘረገፈላቸው። ሽማግሌው መሬት ላይ ጆንያ አነጠፉና የግራዎቹን በግራ፣ የቀኞቹን በቀኝ ደረደሯቸው። ቆመው ሲያዩአቸው ቆዩ። እኔም ከኋላቸው ሆኜ አያለሁ፤ ገና ምንም አልጠረጠርኩም።

«እየው» አሉት ልጄን። «የግራዎቹ ተቀደዋል። እንደተጠመዘዘ ጨርቅ ነው የተቀደዱት። የቀኞቹ አልተቀደዱም፤ አብጠዋል።» በጣታቸው ሲጫኑት ጣታቸው ጠልቆ ገባ። «ውሃ የነካው ዳቦ ሆኗል። መንገዱ አንድ ነው፣ ሸክሙ አንድ ነው፣ ዕቃው አንድ ነው። ግራና ቀኙ በሁለት በሽታ የሚሞተው ለምንድን ነው?»

«ፎርጅድ ነው ጋሼ።»

«ፎርጅድ ግራና ቀኝ አያውቅም።»

ከፊተኞቹ አንዱን አነሱና ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። አንዴ አሸተቱ። ራቅ አድርገው አዩት። እንደገና አሸተቱ።

«ኮረሪማ» አሉ።

«ምን?» አለ ልጄ።

«ኮረሪማ ነው። ትንሽ ኮሰረትም አለው።»

ክው አልኩ። እዚያ የተጣለ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ ተቀብሎ አሸተተ። «ዱጋ! እውነት! የዶሮ ወጥ ይሸታል እኮ!» አለ። ከዚያ አሰበና «ባለፈው ኮረሪማ ጭኜ ነበር፣ ከጆንያው ፈስሶ ይሆናል» አለ። በልቤ ተመስገን አልኩ። ልጄ ለእኔ ሲል በታሪኩ እንደዚያ ቀን ጥሩ ነገር ተናግሮ አያውቅም።

«ኮረሪማ ፈስሶ ቀኝ ጎሚኒ ውስጥ ብቻ አይገባም» አሉ ሽማግሌው። ዛሬ የወጣውን አነሱና እሱንም አሸተቱ። «ይሄኛው ደግሞ ቅቤ የለውም። የኑግ ዘይት ነው። መቼ ነው የገባው?»

«በቅበላ ሳምንት።»

«የፊተኛውስ?»

«ከዚያ በፊት፣ በፍስኩ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «በፍስክ ቅቤ፣ በጾም ዘይት። ልጄ፣ መኪናህ ኦርቶዶክስ ናት እንዴ?»

ልጄ አልሳቀም፤ ግራ ገብቶታል። እሳቸው ግን መጠየቃቸውን ቀጠሉ።

«የት ነው የምታድረው?»

«ግቢያችን።»

«አጥር ትጠጋለች?»

«አዎ፣ በግራ በኩል።»

«ውሻ ይመጣባታል?»

«እንዴት አወቁ ጋሼ? የጎረቤት ውሻ ነው፣ ቀኝ ጎማዋ ሥር ነው የሚውለው። ይወዳታል።»

«ይወዳታል» አሉ። ይህን ሲሉ ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። ጎንበስ ብለው እጃቸውን በጨርቅ መጥረግ ጀመሩ።

ያኔ ልጄ ገነፈለ። «ገባኝ! መቱ ያለው ሰውዬ ነው! እንድመላለስለት ብሎ፣ ሲገጥም ቀብቶ ነው የሚገጥምልኝ! ዛሬ እሱን አንገቱን ይዤ፣ ነገ መኪናዋን ሸጬ፣ ከነገ ወዲያ እዚህ አገር አታዩኝም!»

«ሊሆን ይችላል» አሉ ሽማግሌው፤ አሁንም እኔን እያዩ።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ሽማግሌውም የሚናገሩ ሰው አልመሰሉኝም። ግን ዝም ብል ልጄ ሰው ይደበድባል፣ ከዚያ ይሄዳል። ከናገርኩ ጎሬ ሙሉ ይስቅብኛል። ሳቅ ይሻላል ብዬ ተነሳሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምኑን ነው አንቺ?» አለ ልጄ።

«ቅቤውን። ዘይቱም የእኔ ነው።»

«እማ… መኪና ቅቤ ቀባሽ?»

«ሲጥ ስትል ፈራኋ። ደርቆባት መሰለኝ።»

«ትፈሪያት የለም እንዴ? ከፊቷ አታልፊም እኮ!»

«በኋላ በኩል ነው የሄድኩት።»

ሽማግሌው ሳቃቸውን እስከዚያ ድረስ እንዴት እንደያዙት እንጃ። ዋንዛውን ተደግፈው ሳቁ፣ ጎንበስ ብለው ሳቁ፣ እንባቸውን በዚያ በቆሸሸ ጨርቅ ሲጠርጉ ጉንጫቸው ጠቆረ። «ሃዳ ኮ! ሃዳ ኮ!» ይላሉ፤ እናቴ እናቴ ማለታቸው ነው። ልጄ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዚያ ሊቆጣ ሲሞክር ከንፈሩ ካደው።

«እትዬ» አሉ ሽማግሌው ሲበርድላቸው፣ «ለቆዳ ቢሆን ልክ ነበሩ። ጎማ ግን ቆዳ አይደለም፤ ከዛፍ የሚወጣ ነው። ቅባት ሲያገኝ ይጠጣዋል። ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲያብጥ ይላላል። ሲጥታውን ጸጥ አሰኝተው ጎማውን ነው የገደሉት።»

«የግራውንም እኔ ነኝ?» አልኩ። ያን ሰዓት ሁሉንም ለማመን ተዘጋጅቼ ነበር።

«የግራው ላይ እጅዎ የለበትም። ቡሎኑን ሲያስረው መኪናዋ እንዴት ነበረች?»

ልጄ አላስታወሰም። እኔ ግን የፈራሁትን ነገር አልረሳም። «በክሪክ ተሰቅላ ነበር» አልኩ። «እግሮቿ ተንጠልጥለው። አሳዝናኝ ነበር።»

«በቃ፣ ይኸው» አሉ ሽማግሌው። ጨርቁን አንዱን ጫፍ ለልጄ አስያዙና ሌላውን እሳቸው ይዘው ጠመዘዙት። «ተንጠልጥላ ሳለች ባሌስትራው ቆልመም ይላል። እንደዚያ እያለ ቡሎኑን ጥርቅም ካደረግከው ጎሚኒው እንደዚያ ሆኖ ይጣበቃል። መሬት ስትወርድ፣ ሰው ሲጫንባት ባሌስትራው ይዘረጋል። ጎሚኒው ግን ተይዟል፤ ወዴት ይሂድ? እንዲህ ተጠምዝዞ ይውላል፣ ተጠምዝዞ ያድራል፣ ከዚያ ይቀደዳል። አንተም አለህበት። ይሄን ሁሉ ብረት ጨምረህ እንደ ድመት ጀርባ አጉብጠሃታል፤ ጥምዘዛውን አብሰኸዋል። የመጀመሪያውን የጨረስከው አንተ ነህ።»

ልጄ አንገቱን ደፋ። ለልጄ ማዘን ሲገባኝ ደስ አለኝ፤ እውነቱ ይሄ ነው። በደሉ ለሦስት ተከፈለልኝ።

ሽማግሌው ከተጨመሩት ብረቶች ከየጎኑ አንድ አንድ አስወጡ። ከጎረቤት የዕቃ ሱቅ አዲስ ጎሚኒ መጥቶ በደረቁ ገባ። «በደረቁ» ሲሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ወደ እኔ አዩ። ቡሎኑን ግን ላላ አድርገው ተዉትና መኪናዋን በአራት እግሯ፣ ከሥር ገብተው ከሚሠሩበት ጉድጓድ በላይ አቆሟት።

«ስንት ሰው ትጭናለህ?» አሉት።

«አሥር።»

«ትራፊክ ሳይኖርስ?»

ልጄ ወደ እኔ አየና ወደ መሬት አየ። «አሥራ ስድስት።»

«በአሥራ ስድስት ነው የምናስራት። ዋሽተሃት ካሰርናት ነገ ትቀደዳለች። ሂድ ሰው አምጣ።»

ልጄ መንገድ ላይ መኪና የሚጠብቁ ሰዎችን ለምኖ አመጣ፤ እንዲሁ ወሬ ለማየት የመጡም ነበሩበት። ሽማግሌው ጉድጓዱ ውስጥ ሆነው ቆጠሩ።

«አሥራ አምስት። አንድ ጎደለ። እትዬ!»

«እኔ?»

«ልጅዎ ቁልቁለቱን ቀጥ ብሎ እንዲወርድ አይፈልጉም?»

ወጣሁ። ከአሥራ አምስት ሰው መሃል ተጣብቄ ተቀመጥኩ። ከሥሬ የመፍቻው ጭርጭርታ ይሰማኛል፤ ሰውየው ከእኛ ሁሉ በታች ናቸው፣ ብትወድቅባቸውስ? ጸሎቴን ጀመርኩ። ከጉድጓዱ ድምፅ መጣ፦ «እትዬ፣ በልብዎ!»

አንዲት ሴት ዘግይታ ቅርጫቷን ይዛ ገባችና አጠገቤ ጠጋ አለች። «ወዴት ነው የምትሄደው?» አለችኝ።

«የትም።»

«ታዲያ ሰው ለምን ሞላባት?»

«ቡሎን ሊጠብቅ ነው።»

ሴትዮዋ ትንሽ አሰበች። «ቶሌ፣ እሺ» ብላ ቅርጫቷን ጭኗ ላይ አመቻችታ ተቀመጠች። ያን ቀን በአሥራ ሰባት ሰው ነው የታሰረችው።

መቱ ስንመለስ ልጄ ወደ መካኒኩ ሄዶ ለቀኙ ይቅርታ ጠየቀ፣ ለግራው ተቆጣ። መካኒኩም ለግራው አፍሮ ለቀኙ ሲስቅብኝ ሰነበተ። አሁን መኪና ተሰቅላ ሳለ ቡሎን አያጠብቅም ይላሉ፤ መንገደኛ ለምኖ ይጭናል።

ክረምቱ መጣ፤ የእኛን አገር ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ መንገዱ ሁሉ ገንፎ ይሆናል። እኔ በየሳምንቱ ጆሮዬን ደግኜ እጠብቃለሁ። ሲጥ የለም። ክረምቱ ሲወጣ ጎሬ ወስደናት ሽማግሌው በብረት ዘንግ ግራውንም ቀኙንም ፈነቀሉ። ንቅንቅ አላለም። ልጄን በትከሻው መታ መታ አደረጉት፤ እኔን «እጅዎን ያሳዩኝ» አሉኝ። አሳየኋቸው። ንጹሕ ነበር።

ልጄ አረብ አገር የሚባል ነገር ድጋሚ አንስቶ አያውቅም። የሚያነሳው የእኔን ነገር ነው። ሰው ሞልቶ ሊነሳ ሲል ወደ ኋላ ዞር ይልና «እናቴ ይቺን መኪና ምን እንዳደረገቻት ላውራችሁ?» ብሎ ይጀምራል። ደግሞ ይጨምርበታል። መጀመሪያ አንድ ብርጭቆ የነበረው ቅቤ አሁን አንድ ኪሎ ሆኗል፤ አንድ የነበረው ውሻ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ሆኗል። ለልቅሶ ወደ ኡካ ስሄድ ጋቢና ተቀምጬ፣ መያዣውን በሁለት እጄ አንቄ ይህን ሁሉ ሰማሁ። ዝም ልል ነበር። «ነጭ ሽንኩርትም ወቅጣ ጨምራበት ነበር» ሲል ግን አልቻልኩም።

«ሽንኩርት አልነበረውም!» ብዬ ዞርኩ። «ኮረሪማና ኮሰረት ብቻ ነው! ትንሽ እርድ!»

ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ረጋ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ታዲያ በደንብ ነው የተነጠረው» አሉ።